ከደባርቅ ውጭ ያለ ጠበቃ

ባሌ መትቶኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ያኔ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ እሱን ስለነበር ነው። አይጠጣም፤ ወደ ሌላ ሴት አይሄድም፤ ጾም አይገድፍም። እህል ነጋዴ ነበር። ከጃናሞራና ከዳባት ገጠር ገብስና ባቄላ እየሰበሰበ በራሱ አይሱዙ ጎንደር ያራግፋል፤ ሲመቸው ደግሞ ሊማሊሞን ወርዶ እስከ አዲ አርቃይ ይነግዳል። እድር የሚመራ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ብድግ የሚልለት ሰው ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርሁ። ስንጋባ ጓደኞቼ ዕድለኛ ነሽ አሉኝ፤ እኔም አመንኋቸው።

ግቢያችን በድንጋይ የታጠረ፣ የብረት በር ያለው ነበር። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ከባሌ ኪስ አይወጣም። ጠዋት እኔንና ልጃችንን መኪና ላይ አሳፍሮ ትምህርት ቤት ያደርሰናል። ስንለቀቅ እሱ ወይም ሾፌሩ ደጅ ቆሞ ይጠብቀናል። ቤት ከገባን በኋላ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። «ሌባ በዝቷል» ይለኛል። ገበያውን እሱ ይገዛል። ለቅሶም ሆነ ሠርግ አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን። እሱ ለእህል ገጠር ሲወርድ አክስቱ መጥተው አብረውን ይሰነብታሉ። ሞባይል ስልክ ደባርቅ እንደ ገባ ለእኔም ገዝቶልኝ ነበር፤ ሲጠራ የሚያነሣው ግን እሱ ነው። ጎረቤቶቼ «እንደ እንቁላል ነው እኮ የያዘሽ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። አልተቆጣም። አጠገቤ ተቀመጠና፣ «እናቴ እኔ ልጅ ሳለሁ ገበያ ብላ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። አባቴ እስኪሞት በሩን እያየ ኖረ። እኔ እንደሱ አልሆንም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አዘንሁለት። ማዘኔ ብዙ ዓመት አቆየኝ።

ልቤ የቈረጠው በአንድ የክረምት መግቢያ ነው። እሱ ሊማሊሞን ወርዷል፤ አክስቱ ተዝካር ብለው ሄደዋል፤ በሩ እንደተለመደው ተቆልፏል። ልጄ ከሌሊት ጀምሮ ያተኩሳት ነበር፤ ረፋድ ላይ ትንፋሿ አጠረ፤ ጎድኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። ስልኩን ወስዶታል። ከአጥሩ ሥር ቆሜ ጮህሁ። በስተጀርባችን የምትኖር አንዲት ሴት ሰማችኝ። ከእሷ በኩል መሰላል አቁማ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። እኔ ጠረጴዛ አስጠግቼ ወጣሁና ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ አቀበልኋት። እኔም ልከተል ብዬ ድንጋዩን ጨበጥሁ፤ በረዶ ጥሎበት ስለነበር አሟለጨኝና ወደ ኋላ ወደቅሁ።

«አንቺ ተይው፤ እኔ እሮጣለሁ!» ብላኝ ወረደች። ልጄ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር። ድምጿ በጤና ጣቢያው መንገድ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እኔ እስከ ማምሻው ድረስ እዚያው አጥር ሥር ተቀመጥሁ። ልጄ ትኑር ትሙት የሚነግረኝ አልነበረም።

የሳንባ ምች ነበር። ተረፈች። ባሌ ሲመለስ አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። ለጎረቤታችን ሙክት በግ ገዝቶ ወሰደላት፤ እግሯን ሊስም ምንም አልቀረው። በሳምንቱ ግንበኞች አመጣ። አጥሩ ላይ ሲሚንቶ አስለሰነና የጠርሙስ ስብርባሪ ዙሪያውን አስተከለበት። «በዚህ ሰው መግባት እንደሚችል አየሁ እኮ» አለኝ። እኔ ያየሁት ሌላ ነበር።

ያኔ ደባርቅ ውስጥ ቢሮ የከፈተ ጠበቃ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ዣንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችም ነበሩ፤ እነሱ ዘንድ መቀመጥ ግን መንገድ ላይ ቆሞ እንደ መናገር ነው። ስለዚህ ባዶ ክፍለ ጊዜ በነበረኝ ቀን ነጠላዬን ተከናንቤ በጓሮ በር ከትምህርት ቤት ወጣሁና ጠበቃው ቢሮ ገባሁ። ደግ ሰው መሰለኝ። በሩን ዘጋልኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ። ሁሉን ነገርሁት፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ አጥሩ፣ ሌሊት ሌሊት ስለማስበው ሁሉ። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። «አስቤበት እነግርሻለሁ» አለኝ።

የዚያኑ ዕለት እራት ላይ ባሌ እንጀራውን እየቈረሰ፣ «ሻዩን ለምን ሳትጠጪ ወጣሽ?» አለኝ።

የያዝሁትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥሁት።

«የእኔን ውል የሚጽፈው ማን ይመስልሻል? ጠበቃ ከፈለግሽ እኔን ጠይቂኝ፤ እኔ እቀጥርልሻለሁ» አለና ለልጃችን ወጥ ጨመረላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከዚያ ቀን በኋላ የትምህርት ቤቱ ጓሮ በር ላይ አንድ የእሱ ጭነት ሠራተኛ ተቀምጦ ጫት የሚመስል ቅጠል ሲያኝክ አየው ነበር።

ደባርቅ እንደማትሆነኝ ያኔ ገባኝ። የት ልሂድ ግን? ሌላ የማውቃቸው ጠበቃ ዳባት ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ ዳኛ ነበሩ ይባላል፤ ጉቦ አይበሉም፣ ፊት አይተው አያዳሉም ብሎ ሰው ይመሰክርላቸዋል። ባሌ ዳባት ለዘመዱ ለቅሶ ይዞኝ ሲሄድ ድንኳኑ ውስጥ አየኋቸው። ወንዶቹ ለብቻ ተቀምጠው ነበርና፣ እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓዳው በኩል ሲዞሩ ማስታጠቢያውን ከልጅቷ ተቀብዬ እኔ አስታጠብኋቸው።

«አባቴ፣ ከባሌ መፋታት እፈልጋለሁ። ጠበቃ ይሁኑኝ» አልኋቸው ውኃውን እያፈሰስሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። «መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«እንግዲያው ክስ አልጽፍልሽም ልጄ። ክስ የገባበት ቤት አይድንም። እኔ ስንቱን አይቻለሁ። ሽማግሌ እልክልሻለሁ፤ አባትሽም ይምጡ። በሽማግሌ ካልሆነ ያኔ እንነጋገራለን።»

ቅን ሰው ነበሩ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ሽማግሌዎቹ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን መጡ። አባቴ ከመንደራቸው በበቅሎ መጥተው መካከል ተቀመጡ። ባሌ በግ አርዶ ጠበቃቸው፤ እሱ ራሱ ቆሞ አስተናገደ። ከተበላ በኋላ እኔን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ምን አደረገሽ?» አሉኝ አባቴ።

«ምንም አላደረገኝም።»

«አስራበሽ?»

«የለም።»

«ሰደበሽ? እኔን ወይ እናትሽን ነቀፈ?»

«የለም አባዬ። የበሩ ቁልፍ የለኝም።»

 አንደኛው ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸውና በኩታቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ክፋት አልነበረበትም። ቁልፍ ብሎ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ እንደ ልጅ ኩርፊያ ነው የሆነባቸው። ባሌ ተነሣና ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ በሁለት እጁ አባቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። «ይኸው፤ እርስዎ ይስጧት። ለዚህማ ምን ያደክማችኋል?» አለ። አባቴም ለእኔ ሰጡኝ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። እኔ ጉልበት ስሜ ቁልፉን ይዤ ቆምሁ፤ ቁልፉ ከኪሱ ሙቀት ገና አልበረደም ነበር።

በማግስቱ በሩ ላይ ዘበኛ ተቀጠረ። ቁልፌን ይዤ በሩን ከፈትሁ። ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሥቶ ካፖርቱን አስተካከለና፣ «ወዴት ነው እትዬ? አብሬ እንድሄድ ታዝዣለሁ» አለኝ። ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ በኋላ አቤት ብል የሚሰማኝ አልነበረም፤ ሽማግሌ አስታርቆኛል፤ ቁልፉም በእጄ ነው።

የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ መምህራን ዲፕሎማቸውን እንዲያሻሽሉ ጎንደር ለክረምት ትምህርት ተጠራን። ባሌ አትሄጂም አለማለቱ ገረመኝ፤ ርእሰ መምህሩ ፊት ክፉ ሆኖ መታየት አልወደደም መሰለኝ። እሱው ራሱ አደረሰን። ልጄንና እኔን እህቱ ቤት አሳረፈን። እህቱ ጠዋት ኮሌጁ በር ድረስ ትሸኘኛለች፤ ከሰዓት በኋላ መጥታ ትወስደኛለች። መካከሉ ግን የእኔ ነበር። የምሳ ሰዓቱ ብቻዬን የምራመድበት ጊዜ ስለነበር መጀመሪያ ሰሞን እግሬ ይተሳሰርብኝ ነበር።

በዚያ የምሳ ሰዓት ፒያሳ አካባቢ አንድ ወጣት ጠበቃ ዘንድ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ዲግሪውን ሰቅሏል፤ ስልኩ አያርፍም። ገና ግማሹን ሳልነግረው ጠረጴዛውን መታ።

«እናስለቅሰዋለን! ቤቱንም አይሱዙውንም እንወስድበታለን። እንዲህ ያለውን ሰው እኔ ነኝ የማውቅለት» አለ።

ልቤ ሞቅ አለ። ከዚህ በፊት ማንም ከእኔ ጎን ሆኖ ጠረጴዛ መትቶ አያውቅም። ውክልናውን ልፈርም ስል እንዲያበረታታኝ ብሎ የአንዲት ደንበኛውን ጉዳይ ያጫውተኝ ጀመር። ስሟን አልጠራም፤ ግን ከዳባት መሆኗን፣ የባሏን ሥራ፣ መኝታ ቤት የሆነውን ሁሉ እየሳቀ ነገረኝ። ሴትዮዋን ዐወቅኋት። ወደፊት ለሚመጣ ደንበኛ የእኔን ጉዳይ እንደዚሁ እየሳቀ ሲያወራ ታየኝ። ደግሞም ያን ሁሉ ሲያወራ ልጅ እንዳለኝ አንድም ጊዜ አልጠየቀኝም። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ፤ አልተመለስሁም።

ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ ከመካነ ብርሃን የመጣች መምህርት ነበረች። እሷም የተፋታች ናት። ደብተሬን ገልጬ ምንም ሳልጽፍ ስቀመጥ ታየኝ ኖሯል። ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት።

«የኔን ጉዳይ የያዘች አንዲት ሴት አለች። ሰው አትወድም፤ አትስቅም። አንድም ቀን ግን አልዋሸችኝም» አለችኝና ቢሮውን አሳየችኝ።

ያቺ ጠበቃ ሻይ አላዘዘችልኝም። ተቀመጪም ያለችኝ ዘግይታ ነው። ጠና ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ታሪኬን ስጀምር በእጇ አቋረጠችኝ።

«ቆይ። መጀመሪያ የባልሽን ስም ንገሪኝ።»

ነገርኋት።

«አልዛመደውም። ሥራ ሠርቼለት አላውቅም። ከዘመዶቹም የማውቀው የለም። ይህን ገና ስትገቢ አንቺ ልትጠይቂኝ ይገባ ነበር። ደባርቅ ያለውን ጠይቀሽዋል?»

«አልጠየቅሁትም።»

«አየሽ። በይ ቀጥዪ።»

አፈርሁ፤ ተናደድሁም። እሷ ግን ስለ ስሜቴ ምንም አትጠይቅም። የምትጠይቀው ሌላ ነው። ቤቱ የተሠራው ከጋብቻ በፊት ነው በኋላ? መጥሪያው ሲደርሰው አንቺ የት ትሆኛለሽ? ልጅሽስ? ልብሷን ማን ያወጣልሻል? ደባርቅ ውስጥ እሱን የማይፈራ አንድ ሰው አለ? መጨረሻ ላይ ብቻ፣ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«ልጄን ይዤ መውጣት።»

«ፍቺውን ፍርድ ቤቱ ይሰጥሻል፤ ጥፋት መቍጠር አያስፈልግሽም፤ አልፈልግም ማለት ይበቃል። ልጅቷም ትንሽ ናት፤ ከአንቺ ጋር ትሆናለች ብዬ አስባለሁ። ቤቱ ግን ያስቸግርሻል። እሱ ድርሻሽን ካልገዛ፣ አልሸጥም ካለ፣ ፍርድ ቤቱ በዓይነት ሊያካፍላችሁ ይችላል። በዓይነት ማለት ግድግዳ ማለት ነው። አስቢበት።»

አላሰብሁበትም። በልቤ ያን ጠረጴዛ የመታውን ልጅ እየናፈቅሁ ነበር። ግን ሲያመሽ፣ የባሌ እህት ቤት ተኝቼ፣ ከአራቱ ጠበቆች መካከል የማልወደውን ነገር የነገረችኝ እሷ ብቻ መሆኗን አሰብሁ። በማግስቱ ተመልሼ ውክልናውን ፈረምሁላት።

«ፍርድ ቤት ለክረምት ይዘጋል። ጥቅምት ላይ ክሱን እንከፍታለን። እስከዚያ ቤትሽ ግቢ፤ ምንም አታሳዪ» አለችኝ።

ከኖርሁት ሁሉ የከበደኝ ያ ጊዜ ነው። ቤት ገባሁ። አብስዬ አቀረብሁ፤ ጠዋት መኪናው ላይ ወጣሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው በሩን ሲዘጋ ሰማሁ። ዘመን መለወጫ ላይ ባሌ ለእኔና ለልጄ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ አመጣልን። «በዚህ ክረምት ተለውጠሻል፤ ፊትሽ በራ» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። ቀሚሱን ለብሼ አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ። ስቄ ነበር፤ ፎቶው አሁንም አለ፤ ማንም ቢያየው ደስተኛ ሴት ናት የሚል።

በጠበቃዋ ምክር መጥሪያው በሚደርስበት ቀን እኔና ልጄ ሾፌሩ ሳይደርስ በትምህርት ቤቱ ዋና በር ቀድመን ወጣን፤ ወደ ቤት አልተመለስንም። ያቺ በመሰላል ልጄን የተቀበለችኝ ጎረቤት እንድትወስደን ቀድሜ ለምኛት ነበር። የቤቷን ቅርበት ባልወደውም ደባርቅ ውስጥ እሱን የማይፈራ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ቤቷ ከእኛ ግቢ ጀርባ ነው። እዚያ ሆኜ ባሌ በግቢው ውስጥ እየተመላለሰ ስሜን ሲጠራ እሰማለሁ። አይጮህም፤ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚጠራኝ። ልጄ «አባዬ ነው፤ ልሂድ?» አለችኝ። አቅፌ ያዝኋት።

ችሎት ስንቀርብ የባሌ ጠበቃ ሆኖ የተነሣው ያ ሻይ ያስመጣልኝ ሰውዬ ነበር። በቢሮው ያልሁትን እያነሣ መናገር ጀመረ። «አመልካቿ የጤና ችግር አለባት፤ ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ ራሷን ስለ ማጥፋት ታስባለች፤ ልጅ ልትሰጣት አይገባም» አለ። ያን የነገርሁት ለእሱ ብቻ ነው። አግዳሚውን ጨብጬ ያዝሁ።

የእኔ ጠበቃ ተነሣች። መነጽሯን አጠለቀች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሥራ ባልደረባዬን አንድ ነገር ልጠይቅ ይፈቀድልኝ። ይህን ከማን ሰሙ?»

ሰውዬው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

«ደንበኛዬ ቢሮዎ መጥታ በዚሁ ጉዳይ አማክራዎት ነበር ወይስ አልነበረም?»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሰውዬውን ትክ ብለው አዩት። «ይመልሱ» አሉ። ሲያመናታ ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ በቀጠሮው ቀን አልመጣም፤ ባሌ ሌላ ጠበቃ ይዞ ቀረበ።

ባሌ ራሱ ሲጠየቅ ግን አለቀሰ። «ምን በደልኋት? ይንገሩኝ፤ አስተካክላለሁ» አለ። በችሎቱ የነበሩ ሴቶች ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰማሁ። ያን ጊዜ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። እንባው የውሸት አልነበረም። ጠበቃዬ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ጥያቄው ለአንቺ ነው፤ ለእሱ አትመልሺ» አለችኝ በቀስታ። ዳኛው ምን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ፣ «ከእሱ ጋር መኖር አልፈልግም» አልሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ነገር ተናግሬ አላውቅም።

እንድናስብበት ጊዜ ተሰጠን፤ እንደገና ተጠየቅን፤ እንደገና ያንኑ አልሁ። ፍቺው ጸና። ልጄ ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ዘንድ እንድትውል ተወሰነ። ቤቱ ላይ ስንደርስ እሷ ያለችው ሆነ። ባሌ «አልገዛም፣ አልሸጥም፣ ድርሻዋ ነው፤ ትኑርበት» አለ። ቤቱ በዓይነት ተካፈለ።

ሳሎናችን መካከል ላይ የባሕር ዛፍ ማገር ቆሞ በጭቃ ተመረገ። መስኮቱ ለእሱ፣ ጓዳው ለእኔ ደረሰ። ተፋትቼም እዚያው ነበርሁ። ሲያስል ይሰማኛል። ሬዲዮ ሲከፍት ዜናውን አብሬው እሰማለሁ። ልጄን ስቆጣ በግድግዳው ማዶ ዝም ይላል፤ የሚያደምጥ ሰው ዝምታ ይታወቃል። አንዳንድ ጠዋት ራቱን ብቻውን እንደበላ፣ ወጡ ጨው እንደበዛበት፣ ለማንም ሳይሆን ድምፁን አውጥቶ ይናገራል። ወጥቼ ሌላ ቤት ልከራይ ብዬ ደባርቅን ዞርሁ። የእሱን ሚስት አስጠግቶ ከእሱ መጣላት የፈለገ አልነበረም፤ «ተከራይቷል» ይሉኛል፤ ክፍሉ ባዶውን እያየሁት።

ለጠበቃዬ ደውዬ አማረርሁላት። «ነግሬሽ ነበር» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ዝውውር ጠይቂ። ድርሻሽን ለዘመዱ ቢሆንም ሽጪ፤ ክርክሩን አሸንፈሽ እዚያ ከምትቀሪ ተሸንፈሽ ውጪ» አለችኝ። ከወረዳው መልስ እስኪመጣ ከዓመት በላይ ፈጀ። ዳባት ተመደብሁ። ድርሻዬን አክስቱ ገዙት።

ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን የወጣን ቀን ጉም ከባድ ነበር። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ለልጁ ብርቱካን በፌስታል ሰጣት።  መኪናው ሳይነሣ ወደ ውስጥ ገባ።

ዳባት የተከራየነው አንድ ክፍል ነው፤ በሩ የእንጨት፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ። ጫኞቹ አልጋውን ተሸክመው፣ «የት እናድርገው?» አሉኝ።  ያን ያህል ዘመን የት ይቀመጥ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ቆሜ ግድግዳዎቹን አያለሁ፤ ሰዎቹ ከበዳቸው። በመጨረሻ ልጄ «በመስኮቱ በኩል» አለቻቸው።

የመጀመሪያው እሑድ ልጄ ከአከራያችን ልጆች ጋር ስትጫወት እኔ ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፀሐዩ ከደጃፉ እስኪዞር ድረስ ተቀመጥሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር። ኋላ ሲገባኝ፣ ተነሺ እንሂድ የሚለኝ ሰው ነበር የምጠብቀው። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። የምሄድበት አልነበረኝም። እስከ ገበያው ሜዳ ድረስ ሄድሁ፤ ገበያ ስላልነበረ ሜዳው ባዶ ነው። ትንሽ ቆምሁና ተመለስሁ።